ምርኩዙን ዘይት አትቀቢው

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዘመድ ከውጭ ሁለት የሚረዝምና የሚያጥር የጉዞ ምርኩዝ ላከላቸው፤ ቱቦው በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። አንደኛው ጠምዝዤ ጠምዝዤ አይጠብቅም፤ ሲደገፉበት ሸርተት ብሎ ይገባል። ሌላኛው ተጣብቆ አልወጣም አልገባም ብሏል። የሰፈራችን ጎሚስታ ዘይት ጠብ አድርጊበት አለኝ። የእኔ ጥንድ ደግሞ፣ ለቁንዱዶ ተራራ የምይዘው፣ በጎኑ ባለ ምላስ የሚቆለፍ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ላላ ብሏል። አባቴ ለታኅሣሥ ገብርኤል በእግር ቁልቢ ሊወጡ ተስለዋል። ይጠገናል ወይስ ልጣለው?»

እህቴ፣ ሁሉም ይጠገናል። አብዛኛው ወጪም አይጠይቅም፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃዋል። ዘይቱን ግን እባክሽ ተይው። ጎሚስታው በክፋት አልመከረሽም። ለማጠፊያ፣ ለሰንሰለት፣ ለኩሽኔታ ዘይት ትክክል ነው፤ እነሱ እንዲንቀሳቀሱ የተሠሩ ናቸው። የምርኩዝ ቁልፍ ግን እንዳይንቀሳቀስ የተሠራ ነው፣ የሚይዘውም በሰበቃ ብቻ ነው። ዘይት የነካው ቁልፍ ሳሎን ውስጥ ሲሞክሩት የያዘ ይመስላል፤ የሚከዳው ዳገት ላይ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ የሚደገፈው ነገር ድንገት አምስት ሳንቲ ሜትር ቢያጥርበት መሬት ይደርሳል።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሽ ጥገናው ራሱ ግልጽ ይሆንልሻል። ግድግዳ ተበስቶ ቪቴ ከመግባቱ በፊት የሚከተተውን ፊሸር አስቢ፤ ቪቴው ሲጠብቅ ፊሸሩ ይሰፋና ግድግዳውን ይነክሳል። የአባትሽ ምርኩዝ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። የታችኛው ቱቦ የላይ ጫፍ ላይ ብሎን ተተክሏል፣ ብሎኑ ላይ ሾጣጣ አለ፣ ሾጣጣውን የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ከቦታል። ቱቦውን ስትጠመዝዢ ሾጣጣው ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ይሰፋል፣ የላይኛውን ቱቦ ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በቃ፤ ሌላ ጥርስም መወርወሪያም የለውም። ፕላስቲኩን ከዚህ በኋላ ፊሸር እያልኩ እቀጥላለሁ። ፊሸሩ ገና ሳይጠመዘዝ ግድግዳውን ነካ ማድረግ አለበት፤ ካልነካ ብሎኑን ተከትሎ አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አይሰፋም። ግድግዳው ደግሞ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት።

ከሚንሸራተተው እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። «ጠምዝዤ ጠምዝዤ አይጠብቅም» ያልሽው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ፊሸሩ ብሎኑ ላይ እስከ መጨረሻው ወርዶ ቀጥኗል ማለት ነው። ምርኩዙን ለማሳጠር ከልክ በላይ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሲጠመዘዝ የሚመጣ ነው፤ ዕቃው አልተበላሸም። የታችኛውን ቱቦ ሙሉ በሙሉ ሳቢና አውጪው። ጫፉ ላይ የጣት አንጓ የሚያህለውን ፊሸር ታገኛለሽ። በሁለት ጣት ይዘሽ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርሽ እንዲሰፋ አድርጊው፤ በየሩብ ዙሩ ወደ ላይኛው ቱቦ መልሺና ሞክሪ። ልኩ ይህ ነው፦ በጣት ገፋ ሲደረግ ይገባል፣ ምርኩዙ ሲዘቀዘቅ ግን በራሱ ክብደት አይወድቅም። ከወደቀ ገና ቀጭን ነው፤ መዶሻ ካስፈለገው አልፈሻል፣ ትንሽ መልሺው። ልኩን ካገኘሽ በኋላ ቱቦውን ወደምትፈልጊው ርዝመት አምጪና ቱቦው ላይ የተሳለውን ቀስት ተከትለሽ ጠምዝዢ። መጀመሪያ ላይ አልነክስ ካለሽ እየጠመዘዝሽ የታችኛውን ቱቦ ወደ ጎን ትንሽ ጫን አድርጊው፤ ጎን ለጎን ሲጫን ፊሸሩ ግድግዳው ላይ ይደገፍና አብሮ መሽከርከሩን ያቆማል። መንገድ ላይ ሳይፈቱ የሚሠራውም ዘዴ ይኸው ነው።

ፊሸሩ ልክ ሆኖም የሚንሸራተት ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ድሬ ላይ ሁለት ነገር ይከማችበታል። አንደኛው የደቻቱ ወንዝ ዓይነት ደቃቅ አሸዋና አቧራ ነው፤ በቱቦዎቹ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ገብቶ ፊሸሩን እንደ ዱቄት ያለብሰዋል፣ የለበሰ ፊሸር ደግሞ አይነክስም። ሁለተኛው ውሃችን ራሱ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ ምርኩዝ ታጥቦ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ያው ቅርፊት ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፣ ተወልውሎ መድረቅ አለበት።

አጠባቡ እንዲህ ነው። የምርኩዙን ሦስት ቱቦዎች ለያይተሽ በለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከውጭም ከውስጥም እጠቢ። ለውስጡ ከቱቦው የሚረዝም ዘንግ ያስፈልግሻል፤ የአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ ወይም ጠንካራ ሽቦ ይሆናል። ጫፉ ላይ የጥጥ ጨርቅ ጠምጥሚ፣ ግን የጨርቁን አንድ ጫፍ ረዘም አድርገሽ ከቱቦው አፍ ውጭ ተይው፤ ጨርቁ ከዘንጉ ቢያመልጥ በዚያ ትስቢዋለሽ። ያለዚያ እርጥብ ጨርቅ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቀርና ከመጀመሪያው የባሰ ሥራ ያመጣል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ከውስጥ ወልውዪ፣ ከዚያ ቱቦዎቹን ለየብቻ ጥላ ሥር አንድ ሙሉ ቀን አቆዪ። የፊሸሩንም ስንጥቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊ፤ አሸዋ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ዘይት አስቀድሞ ገብቶበት ከሆነ ሳሙናውን ሁለቴ ድገሚ፤ በመጨረሻ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በጨርቅ ነክረሽ ውስጡን ወልውዪ። ሳኒታይዘር አልኮል ነው ብለሽ እንዳትተኪው፤ ለእጅ ማለስለሻ ግሊሰሪን የሚጨመርበት ብዙ ነው፣ ግሊሰሪኑም ሲደርቅ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይተዋል።

ቱቦውን ስትጠርጊ ጨርቁ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ አይዝግም። በላብ ጨውና በእርጥበት ነጭ ዱቄት ያወጣል። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘንጉ ላይ ጠቅልለሽ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ፊት ወደ ኋላ በማለት አንሺውና ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ አውጪ። የካርቦን ምርኩዝ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀቱ ይቅር፤ ካርቦን አይዝግም፣ ሲፋቅ ግን ይጎዳል።

ፊሸሩን ራሱን በብርሃን ፈትሺ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ለስልሷል ማለት ነው፤ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዙሪያው ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፊበት፣ ልስላሴው ሲጠፋ መንከስ ይጀምራል። ከተሰነጠቀ ወይም አንዱ ምላሱ ከተሰበረ ግን በሙጫ አይጠገንም፤ ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መለዋወጫው በውጭ አገር ለብቻው ይሸጣል። ለላከላችሁ ዘመድ የምርኩዙን የፋብሪካ ስም፣ የታችኛውን ቱቦ የውጭ ስፋት፣ ፊሸሩ የሚገባበትንም ቱቦ የውስጥ ስፋት በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ፣ ለክተሽ ጻፊለት። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ቱቦ ምርኩዞች 18፣ 16 እና 14 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ 16፣ 14 እና 12፤ የአንዱ ፊሸር ለሌላው አይሆንም። ሁለት መገጣጠሚያ ስላለ የትኛው መሆኑንም ጻፊ፣ የላይኛው ወይስ የታችኛው።

መለዋወጫው እስኪመጣ ግን አባትሽ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። ከመኪና ዕቃ መደብር አንድ ትንሽ ፋሼታ ግዢ፤ የውሃ ጎማ የሚታሰርበት፣ በካቻቢቴ የሚጠብቀው የብረት ቀለበት ነው። 16 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ የሚጠብቅ መሆኑን እዚያው ለክተሽ እዪ። ምርኩዙን በአባትሽ ልክ አርዝሚ፣ ከላይኛው ቱቦ አፍ ሥር ቀጭኑ ቱቦ ላይ አንድ ዙር የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ፣ ጠቅልዪ፣ ፋሼታውን እላዩ ላይ አስገቢና የላይኛውን ቱቦ አፍ ነክቶት እስኪቀመጥ አስጠግተሽ አጥብቂ። ከዚያ በኋላ የላይኛው ቱቦ የሚያርፈው ፋሼታው ላይ ስለሆነ ወደ ውስጥ መንሸራተቻ የለውም። ርዝመቱን መቀያየር አትችዪም፣ ምርኩዙንም ከመሬት ሲያነሱ የታችኛው ቱቦ ወልቆ እንዳይወድቅ ፊሸሩ ትንሽ መያዝ አለበት። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ርዝመት፣ ለአንድ መንገድ ግን አስተማማኝ ነው። ቱቦውን በስቶ ብሎን ከማሳለፍ እጅግ ይሻላል፤ ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የተበሳ ቱቦ ደግሞ ሲጎብጥ የሚሰበረው ቀዳዳው ላይ ነው።

ወደ ተጣበቀው እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ምርኩዝ የሚሞተው በመጣበቁ ሳይሆን በፒንሳ ነው። በፒንሳ ወይም በሞርሳ የተያዘ ቱቦ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቱቦ ዳግመኛ አያልፍም። ሁለቱንም መሣሪያ ከአጠገብሽ አርቂ። የሚያስፈልግሽ ከመነዳሪ፣ በረዶና አንድ ጠንካራ እጅ ያለው ሰው ነው።

መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጊና አፉ ላይ ያለውን እዪ። ነጭ ቀለበት የመሰለ ቅርፊት ካለ የያዘው ዝገት ነው፤ ምናልባት እርጥብ እያለ ታጥፎ ተቀምጧል። አፉ ንጹሕ ከሆነ ግን ከልክ በላይ የጠበቀው ፊሸሩ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል።

ለሁለቱም የሚቀድመው ግን መያዣው ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠሽ ከመገጣጠሚያው በላይም በታችም አራት አምስት ዙር ጠምጥሚ። አንድ ሰው የላይኛውን፣ ሌላው የታችኛውን በሁለት ሁለት እጅ ይያዝ፤ አራቱም እጅ ወደ መገጣጠሚያው የተጠጋ ይሁን፣ ያለዚያ ጉልበታችሁ ቱቦውን በማጉበጥ ያልቃል። በመፍቻው አቅጣጫ ብቻ አዙሩ፤ እየሳባችሁ አይደለም። መሳብ የሚመጣው ከዞረ በኋላ ነው። ከተጣበቁት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይለቃሉ፤ ባዶ እጅ በላብ እየተንሸራተተ አታልሏችሁ ነበር ማለት ነው።

ካልለቀቀና የጠበቀው ፊሸሩ ከሆነ በረዶ ይዢ። የፊሸሩ ፕላስቲክ በሙቀትና በቅዝቃዜ ከአሉሚኒየም ሦስት አራት እጥፍ ይለጠጣል፣ ይኮማተራልም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲቀዘቅዙ ፊሸሩ ከግድግዳው ይሸሻል። በረዶውን ፌስታል ውስጥ አድርገሽ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ሸፍኚ፤ ውስጡ ያለው ፊሸር የት እንደደረሰ ስለማይታይ ከአፉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ድረስ ይሸፈን። ሃያ ደቂቃ ጠብቂ፤ በአምስት ደቂቃ የሚቀዘቅዘው የውጩ ቱቦ ብቻ ነው፣ ያኔ ብትሞክሪው ቱቦው ፊሸሩን የባሰ ይጨብጠዋል። ከዚያ ሳይሞቅ ፈጥናችሁ አዙሩ። በዚሁ ምክንያት የተጣበቀ ምርኩዝ ፀሐይ ላይ አውጥቶ መታገል ከንቱ ነው፤ በድሬ ቀትር ፊሸሩ የባሰ ያብጣል።

የያዘው ነጩ ቅርፊት ከሆነ ግን መድኃኒቱ ተቃራኒ ነው፣ የውጩን ቱቦ ብቻ ማሞቅ። እጀታውን ወደ ላይ አድርገሽ ምርኩዙን አቁሚ፤ ያኔ የላይኛው ቱቦ አፍ ወደ ታች ስለሚያይ ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። እንደ ሻይ የሞቀ ትኩስ ውሃ ከአፉ ከፍ ብለሽ አንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ አፍስሺና ወዲያው አዙሩ። 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ የሚሰፋው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት እጅ አይሞላም፤ ቅርፊት ለመሰንጠቅ ግን ይበቃል። በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ አፉን ዙሪያውን ኳ ኳ ማድረግም ያግዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፣ በአንዴ ካልሆነ ተስፋ አትቁረጪ። የካርቦን ቱቦ ላይ ትኩስ ውሃውን ተይው፤ ሙጫውን ያላላዋል።

ይህ ሁሉ አልፎ ካልለቀቀ ብቻ ዝገት ማስለቀቂያ ቅባት ይፈቀዳል፦ ምርኩዙን ዘቅዝቀሽ አፉ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ አንድ ሌሊት ማሳደር። ከለቀቀ በኋላ ግን በሳሙና ሁለቴ፣ በአልኮል አንዴ ሳይታጠብ አይገጠምም። አባትሽ እጅ ከመድረሱ በፊት ከላይ እንዳልኩሽ አድርገሽ ሙሉውን አጽጂው።

አሁን ስለ መንገዱ ልንገርሽ፣ ከጥገናው እኩል የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 በላይ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ምርኩዝ ድሬ ላይ በሙቀት ጠብቆ ደጋ ሲደርስ ፊሸሩ ተኮማትሮ ይላላል፤ ምክንያቱ ያው የበረዶው ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ደንገጎ ሲያርፉ አንዴ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዴ፣ ሁለቱንም መገጣጠሚያ እንደገና እንዲያጠብቁ ንገሪያቸው። መላላቱን ቀድሞ ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ፤ ርዝመቱን ካስተካከልሽ በኋላ ቀጭኑ ቱቦ ላይ፣ ልክ ከላይኛው አፍ ሥር፣ በጥፍር ቀለም ክር የምታህል መስመር አስምሪ። መስመሩ ግማሹም ቢሆን ከተዋጠ ምርኩዙ መንሸራተት ጀምሯል፤ ሰው ከመውደቁ በፊት ዓይን ያየዋል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ምርኩዙ መሬት ላይ ቆሞ እጀታውን ሲይዙ ክርናቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። መነሻ ከፈለግሽ ቁመታቸውን በ0.68 አባዢ፤ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 115 አካባቢ ይመጣል። ረጅም ዳገት ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩ፣ ቁልቁለት ላይ ያንኑ ያህል ያስረዝሙ። መካከለኛውንና የታችኛውን ቱቦ በተቀራራቢ ቁጥር አውጪ፤ አንዱን ብቻ እስከ ጫፍ መምዘዝ ቱቦውን ለመጉበጥ ይዳርገዋል። «ስቶፕ» ወይም «ማክስ» የተጻፈበት መስመር ከታየ አልፋችኋል፤ ፊሸሩ ቱቦው አፍ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፣ እዚያ ላይ ሲጫኑት አፉ ይቀደዳል።

የአንቺው ባለ ምላስ ጥንድ ቶሎ ያልቃል። ምላሱ ሥር ወይም ተቃራኒው ላይ ትንሽ ብሎን አለ፤ አንዳንዱ በካቻቢቴ ወይም በሳንቲም፣ አንዳንዱ ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ መፍቻ ይፈልጋል። ምላሱን ክፈቺ፣ ብሎኑን ሩብ ዙር አጥብቂ፣ ዝጊና ሞክሪ። ልኩ ሲደርስ ምላሱ በአውራ ጣት ጠንከር ተብሎ ይዘጋል፣ ጣትሽ ላይም ለቅጽበት ምልክቱ ይቀራል። መዳፍ ካስፈለገው አልፈሻል፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ቱቦው ካርቦን ከሆነ ደግሞ ቱቦው ራሱ። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ከተንሸራተተ ቱቦውን አውጪና የማቀፊያውን ውስጥ እዪ፤ የቁንዱዶ ጭቃ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል፣ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከእጅሽ ወደ ቱቦው ተላልፏል። በሳሙና ይለቃል። ማቀፊያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ግን ይቀየር።

እንዲያውም ምክሬን ከሰማሽ፣ ለቁልቢ ይህን የአንቺን ጥንድ ለአባትሽ ስጪ። ምላስ የተዘጋና ያልተዘጋ መሆኑ በጨለማ በእጅ ይታወቃል፣ ለማጥበቅም የእጅ አንጓ ጉልበት አይጠይቅም። በመጠምዘዝ የሚቆለፈው ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው ሲጫኑት ብቻ ነው። የትኛውም ዓይነት ግን ክራንች አይደለም፤ ሙሉ ሰውነታቸውን ሳይጥሉበት መሄድ የማይችሉ ከሆነ ሐኪም የሚያዝዘው ሌላ ዕቃ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ጫፉንም እዪ። ብረት የሚመስለው ጫፍ ተንግስተን ካርባይድ ነው፣ በጣም ጠንካራ፤ ለአፈርና ለድንጋይ ነው። የደንገጎ መንገድ አስፋልት ስለሆነ የጎማ ቆቡን አልብሺው፤ ያለ ቆብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፣ ለክንድም ይነዝራል፣ ምእመናን በተጨናነቁበት ቦታ ደግሞ የሌላ ሰው እግር ላይ ያርፋል። ጫፉ ቆቡን ከውስጥ እየበሳ እንዳያልፍ አንድ ትንሽ የብረት ሮንዴላ (ከብሎን ሥር የሚገባውን ጠፍጣፋ ቀለበት) ቆቡ ውስጥ ከታች ክተቺ፣ ዕድሜውን በእጅጉ ያረዝመዋል። ካርባይዱ ወድቆ ፕላስቲኩ ብቻ ከቀረ የጫፉ ፕላስቲክ በሙሉ ይቀየራል፦ ጫፉን ብቻ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ንከሪ፣ በጨርቅ ሸፍነሽ ፕላስቲኩን በፒንሳ እያዞርሽ ሳቢ። ፒንሳ የተፈቀደው እዚህ ብቻ ነው፣ የሚይዘው የሚጣለውን ፕላስቲክ እንጂ ቱቦውን ስላልሆነ። አዲሱን አስገቢና ምርኩዙን እንጨት ላይ አቁመሽ ሦስት አራት ጊዜ ምቺ፤ ሙጫ አይፈልግም፣ ሙጫ ካደረግሽበት በሚቀጥለው ጊዜ አይወልቅም።

የእጅ ማሰሪያውን አጠቃቀም ለአባትሽ አሳዪያቸው፤ እጅ ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ ያልፋል፣ ከዚያ ማሰሪያውንና እጀታውን አብሮ ይጨብጣል። ክብደቱ በማሰሪያው ላይ ስለሚያርፍ እጅ መጨበጥ አይደክመውም። መቋሚያ ለለመደ ሰው መጀመሪያ እንግዳ ነገር ነው፤ ግማሽ ቀን ግቢ ውስጥ ይለማመዱት።

ከተመለሱ በኋላ ቱቦዎቹን ለያይተሽ ወልውዪ፣ ሲደርቅ ሳይቆለፍ ላላ እንዳለ አስቀምጪው፤ ለወራት ተጨንቆ የተቀመጠ ፊሸር ቅርጹን ይለውጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው፣ የእጀታው ሙጫ ይላላል።

ከመሄዳቸው ሦስት ቀን በፊት ሁሉንም ገጥመሽ የጎማ ቆብ ባለው ጫፍ ሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሚና ራስሽ ቀስ በቀስ ሙሉ ክብደትሽን ጣዪበት፣ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ። የጥፍር ቀለሙ መስመር ካልተነቃነቀ ለአባትሽ ስጪያቸው። ከጓዛቸው ጋር አንድ ፋሼታ፣ የእሱን ካቻቢቴና ክንድ የሚያህል የከመነዳሪ ቁራጭ ጨምሪላቸው። ተቆርጦ የተረፈሽ ከመነዳሪ ካለ አትጣዪው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ያስፈልግሻል።